ሁለተኛውን ዲስክ አስቀድማችሁ ግዙ

(ቤታቸው ውስጥ ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ አውጥቼ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆች! ከኋላ ያላችሁስ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? እሺ፣ ጥሩ።

ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን መኝታ ቤታችንን ወይም አንዲት ጠባብ ክፍል ስቱዲዮ አድርገን የምንሠራ ሰዎች ነን። ዘፈን የሚቀርጽ አለ፣ ፖድካስት የሚሠራ አለ፣ መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብ አለ። ስንገናኝ ስለ ማይክ እናወራለን። ስለ ስፒከር እንከራከራለን፣ አንዳንዴም እስኪመሽ ድረስ። ዛሬ ግን እንድናገር የተጠየቅኩት እምብዛም ስለማናወራለት ዕቃ ነው። ሥራችን ሁሉ ስለሚያድርበት ስለ ሃርድ ዲስኩ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ የቀረጸው ነገር ጠፍቶበት የሚያውቅ እጁን ያንሳ። እሺ፣ አታውርዱ፣ ዞር ዞር ብላችሁ ተያዩ። ከግማሽ በላይ ነን። አመሰግናለሁ፣ አውርዱ። አሁን ደግሞ ዲስኩ ፍጥነት አንሶት ቀረጻ የተበላሸበት ሰው እጁን ያንሳ። ሦስት… አራት ሰው። አያችሁ? ሆኖም ዲስክ ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «በሴኮንድ ስንት ያነባል? ስንት ይጽፋል?» የጎዳን ሌላ፣ የምንጠይቀው ሌላ።

ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜ እለዋለሁና አትሰልቹብኝ። ያላችሁን ገንዘብ አንድ በጣም ፈጣን ዲስክ ላይ አትጨርሱት። ሁለት መካከለኛ ዲስክ ግዙበት። ይህን ለምን እንደምል በሦስት በኩል ላሳያችሁ። መጀመሪያ ቀረጻ በእውነት ከዲስክ ምን ያህል እንደሚፈልግ እናሰላለን። ቀጥሎ የትኛው ዲስክ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን እናያለን። ከዚያ የቀረጻችሁት እንዳይጠፋ ስለሚደረገው ነገር እናገራለሁ፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ግን ከሁሉ በፊት ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ዘፋኝ ነበሩ። ተቀርጸው ግን አያውቁም። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸውና ቤቴ አምጥቼ አራት ቀን ሙሉ ቀረጽኳቸው። 11 ዘፈን። እሳቸው ይዘፍናሉ፣ እኔ ጊታር እመታለሁ፣ በየመሃሉ የእያንዳንዱን ዘፈን ታሪክ ያወሩልኛል። ማይኩን አልዘጋሁትም ነበርና ወሬያቸው ሁሉ አብሮ ተቀርጿል። ይህ ሁሉ ያለው አንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። «ቅዳሜ ኮፒ አደርገዋለሁ» አልኩ። ሐሙስ ማታ ወንበሬን ሳንቀሳቅስ ኬብሉ ተያዘና ዲስኩ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እየሠራ እያለ። አንስቼ መልሼ ስሰካው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ያን ድምፅ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

ከተበላሸ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያወጡ ባለሙያዎች ጋር ወሰድኩት። ከፈቱት። ፋይሉ የሚጻፍበት የውስጡ ሳህን ላይ ክብ ጭረት ነበር። ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነገሩኝ። አጎቴን በደወልኩላቸው ጊዜ «ምን ችግር አለው፣ እንደገና እንዘፍናለና!» አሉኝ። በዚያው ዓመት አረፉ።

ከ11ዱ ዘፈን ሁለቱ ብቻ ተርፈዋል። እነሱም የተረፉት እህቴ ትስማቸው ብዬ በስልኳ ልኬላት ስለነበር ነው። ኤምፒስሪ ናቸው፣ ሚክስ እንኳ አልተደረጉም። እና ያ የወደቀው ዲስክ፣ ልብ በሉልኝ፣ ፈጣን ነበር። በጊዜው ካገኘሁት ሁሉ ፈጣኑን መርጬ ነው የገዛሁት። ፍጥነቱ ምን አደረገልኝ?

አንድ መውደቅ እንዴት ይህን ያህል ያጠፋል ትሉኝ ይሆናል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካውም። በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት በላዩ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት እኮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው! ከሥሩ ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ይህ እየሆነ ሳለ ዲስኩ መሬት ሲመታ ጭንቅላቱ ሳህኑ ላይ ያርፋል፤ ያረፈበትን ደግሞ ይልጠዋል። የተላጠው ብናኝ ሌላውንም ቦታ ያበላሸዋል። የእኔ አጎት ድምፅ የሄደው እንደዚያ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ።

ቀረጻ ከዲስክ ምን ያህል ይፈልጋል? አብረን እናስላ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት እንቀርጻለን እንበል። በሴኮንድ 48,000 ናሙና፣ ማለትም ድምፁ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። እያንዳንዱ ናሙና 24 ቢት፣ ማለትም 3 ባይት ነው። ስታባዙት 144,000 ባይት ይመጣል። በሴኮንድ 0.144 ሜጋባይት። በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 518 ሜጋባይት ገደማ። ይህ አንድ ትራክ፣ ማለትም የአንድ ማይክ ቀረጻ ነው።

16 ማይክ በአንድ ጊዜ ብትከፍቱስ? በሴኮንድ 2.3 ሜጋባይት። ወደ 96 ኪሎኸርዝ ወጥታችሁ 32 ትራክ ባንድ ላይ ብትቀርጹስ? ማን ቤቱ ውስጥ 32 ትራክ ይቀርጻል? እሺ ይሁን፣ ተቀረጸ እንበል። በሴኮንድ 9.2 ሜጋባይት። ተራ የሚሽከረከር ዲስክ በተከታታይ ሲጽፍ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይችላል። በሌላ አነጋገር ቤቱ ውስጥ ሁለት ማይክ ከፍቶ የሚቀርጽ ሰው የተራውን ዲስክ አቅም መቶኛ ክፍሉን እንኳ አይነካም። መቶኛውን እንኳ!

እና «ዲስኩ ዘገየ» የሚለው መልእክት ከየት ይመጣል? ቀረጻው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመውስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገሩ ያለው ከብዛቱ ይልቅ ከመመላለሱ ላይ ነው። አንድ ሰው 40 መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከእያንዳንዱ በየተራ አንድ አንድ መስመር እንዲያነብላችሁ ብታዙት አስቡ። ማንበቡ አያደክመውም። ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጡ ነው የሚገድለው። የዲስኩ ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። 40 ትራክ ያለው ፕሮጀክት ስትከፍቱ እያንዳንዱ ትራክ ሳህኑ ላይ የተለያየ ቦታ ተቀምጧል። ጭንቅላቱ ወደ ቦታው እስኪደርስ ጥቂት ሚሊሴኮንድ ይወስድበታል፤ ከደረሰ በኋላ የሚፈለገው ነጥብ ዞሮ እስኪመጣ ደግሞ ይጠብቃል። 7,200 የሚዞረው አንድ ሙሉ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል፣ 5,400 የሚዞረው 11.1። ስትደምሩት በሴኮንድ ውስጥ መመላለስ የሚችለው መቶ ጊዜ አካባቢ ብቻ ነው። ቮካሉን ከሰባት ቀረጻ እየቆራረጣችሁ፣ ቃል በቃል እየሰፋችሁ ስትሠሩ ደግሞ ምልልሱ ይበዛል። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ ፋይሉን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ ግን ጭንቅላትም ሳህንም የለውም፤ የሚፈልገውን ከአንድ ሚሊሴኮንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ ከሚሽከረከረው ወደ ኤስኤስዲ ስትሄዱ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ይሰማችኋል። ከአንድ ኤስኤስዲ ወደ ሌላ ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጣን ወደሚባል ኤስኤስዲ ስትሄዱ ግን ለቀረጻ የምታገኙት ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሴኮንድ 550 ሜጋባይት የሚያነበውም 7,000 የሚያነበውም ሁለቱም የእናንተን 2 ሜጋባይት እየጠበቁ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም፣ ብዙ ገንዘብ ሲያስወጣ ስላየሁ ነው። አንድ የማውቀው ጊታር ተጫዋች ነበር። ሲቀርጽ የራሱ ጊታር በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይመጣበታል፣ እና ይህ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ሰው «ዲስክህ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው» አለው። ያጠራቀመውን አውጥቶ ውዱን ገዛ። ገጠመው። መዘግየቱ እንዳለ ነው። ደወለልኝና ሄድኩ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የበፈር መጠኑ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመው ናሙና ብዛት፣ 1,024 ላይ ነበር። በ48 ኪሎኸርዝ 1,024 ናሙና ማለት 21 ሚሊሴኮንድ መጠበቅ ነው፣ ያውም በመግቢያው ብቻ። 128 ላይ አወረድነው፤ 2.7 ሚሊሴኮንድ ሆነ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ ያልሞላ ሥራ ነው። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ መዘግየት የዲስክ ጉዳይ አይደለም። የበፈር፣ የድራይቨርና የፕሮሰሰር ጉዳይ ነው። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ ዲስክ አትግዙ። ለሌላም ሰው ንገሩ።

ፈጣን ኤስኤስዲ በእውነት የሚያስፈልግበት ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ሳምፕል ላይብረሪ የምትጠቀሙ፣ ማለትም ፒያኖውን፣ ኦርኬስትራውን፣ ድራሙን ከኪቦርድ የምትጫወቱ ሰዎች፣ እናንተ ሌላ ናችሁ። እነዚህ መሣሪያዎች ከእያንዳንዱ ኖታ መጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ራም ላይ ያስቀምጡና ቁልፉን ስትጫኑ ቀሪውን ከዲስኩ እየጎተቱ ያመጡታል። አሥር ጣት ብታሳርፉ፣ ፔዳሉን ብትረግጡ፣ በአንድ አፍታ በመቶ የሚቆጠር ቁራጭ ይጠራል። እዚያ ላይ የሚሽከረከር ዲስክ ያንቃችኋል። ኖታው ይቆረጣል፣ ይንኳኳል። ኤስኤስዲ ካለ ራም ላይ የሚቀመጠውንም ቁራጭ ማሳነስ ትችላላችሁ፤ ራም ይተርፋችኋል። እንግዲህ ፈጣኑ ዲስክ ካለ ላይብረሪው ይቀመጥበት። ቀረጻችሁ ከሱ ጋር መጋፋት የለበትም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የዲስክ ዓይነት። ሁሉንም በእኩል አልዘረዝርም፣ የሚጠቅመው ላይ ልቆይ።

ለእኛ ለቀራጮች ኤስኤስዲ ካለው በጎ ነገር ሁሉ ትልቁ ዝምታው ይመስለኛል። ይህን የተማርኩት በችግር ነው። አንድ ጊዜ መጽሐፍ በድምፅ እያነበብኩ ስቀርጽ ከሥር አንድ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ይሰማኝ ጀመር። የኤሌክትሪክ ነው ብዬ ኬብል ሁሉ ቀየርኩ፣ ፍሪጅ ነቀልኩ፣ አምፖል አጠፋሁ። አልሄደም። በመጨረሻ ድምፁን ስፔክትረም ላይ፣ ማለትም በየድግግሞሹ በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ አውጥቼ ሳየው በትክክል 120 ኸርዝ ላይ ቆሟል። የምኖርበት ቤት ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ የሱ ጉምጉምታ ቢሆን 50 ላይ፣ 100 ላይ፣ 150 ላይ ነበር የማየው። 120 ከየት መጣ? ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዲስክ አየሁት። በደቂቃ 7,200 ዙር። ለ60 ስታካፍሉት በሴኮንድ 120! ዲስኩ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የማይኩ ማቆሚያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቆልፏል፣ ማይኩም ታማኝ ነውና የሚሰማውን ይቀርጻል። ዲስኩን አንስቼ ስፖንጅ ላይ፣ ራቅ አድርጌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጠፋ። በደቂቃ 5,400 የሚዞር ዲስክ ያላችሁ ደግሞ 90 ኸርዝ ላይ ፈልጉት። 120ም 90ም የወንድ ድምፅ የሚያርፍበት ሰፈር ነው። ድምፁን ሳትጎዱ ጉምጉምታውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ከባድ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ድምፅ ራሱ ዲስክ ይረብሻል። ብሬንዳን ግሬግ የተባለ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ2008 የኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ በተደረደሩ ዲስኮች ላይ አፉን አስጠግቶ ሲጮህ ዲስኮቹ የሚመልሱበት ጊዜ ወዲያው ሲረዝም በቪዲዮ አሳይቷል። ጩኸት ብቻ ነው! እንግዲህ የሚሽከረከር ዲስካችሁን ስፒከሩ ላይ ወይም የቤዝ ሳጥኑ አጠገብ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ አንሱት።

ሌላ ስትገዙ የምትጠይቁት ነገር። የሚሽከረከሩ ዲስኮች አጻጻፋቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሲኤምአር እና ኤስኤምአር ይባላሉ። ሲኤምአር መስመሮቹን ጎን ለጎን ይጽፋል። ኤስኤምአር ቦታ ለመቆጠብ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን ጠርዝ በአንዱ ላይ እየደረበ ይጽፋል። የተደረበውን ለማስተካከል ከፈለገ የሚቀጥሉትንም መስመሮች አንስቶ እንደገና መጻፍ አለበት። እና ብዙ ሲጻፍበት ድንገት ያንቀራፍፋል፣ አንዳንዴም ለሴኮንዶች ዝም ይላል። ለቀረጻ ይህ አደገኛ ነው። ለኮፒ ማስቀመጫ ግን ምንም አይልም፤ አንዴ ጽፋችሁ ታስቀምጡታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ አምራቾች ኤስኤምአር መሆኑን ሳይናገሩ ዲስክ ሲሸጡ እንደቆዩ ታውቆ ብዙ ገዢ ተቆጥቶ ነበር። ካሳሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ገጽ ተመልከቱ። አሁን ብዙዎቹ ይገልጹታል።

«ኤስኤስዲ ሲጻፍበት ያልቃል ይባላል፣ እንዴት እናምነዋለን?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ያልቃል። ግን በምን ያህል ጊዜ? 1 ቴራባይት የሚይዝ ደህና ኤስኤስዲ ላይ በብዛት የምታዩት የዋስትና ቁጥር 600 ቴራባይት አካባቢ ነው፤ ይህን ያህል እስኪጻፍበት አምራቹ ኃላፊነት ይወስዳል። 16 ትራክ በሰዓት 8.3 ጊጋባይት ይጽፋል። በየቀኑ፣ በዓልም እሑድም ሳትሉ፣ 8 ሰዓት ብትቀርጹ 600 ቴራባይት ለመሙላት ከ24 ዓመት በላይ ይወስድባችኋል። እናንተ 16 ትራክ አትቀርጹም። ስለዚህ በዚህ አትጨነቁ።

መጨነቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ። ኤስኤስዲ ፋይሉን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ኃይል ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ ቻርጁ ቀስ በቀስ ሊሳሳ ይችላል፣ በተለይ ብዙ የተጻፈበትና ሙቀት ያለበት ቦታ የተቀመጠ ከሆነ። ቀርጻችሁ የጨረሳችሁትን ሥራ ለዘመናት ለማስቀመጥ የሚሽከረከረው ይሻላል። ታዲያ እሱንም ቢሆን በዓመት አንድ ሁለቴ ሰክታችሁ አስነሱት፣ ፋይሎቹን ክፈቱ።

ትንንሽ ነገሮችን በፍጥነት ልለፍ። ዩኤስቢ ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ስም ነው፣ ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግራችሁም። ዲስኩንና ኦዲዮ ኢንተርፌሱን፣ ማለትም ማይክ የሚሰካበትን ሳጥን፣ አንድ ርካሽ ሃብ (መሰኪያ ማባዣ) ላይ አትደርድሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ሰኩ። 1 ቴራባይት ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ቢላችሁ ማንም አልሰረቃችሁም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። ፋት32 ፎርማት የሆነ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ተራው ዌቭ፣ ማለትም ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት ፋይልም ራሱ እዚያው 4 ጊጋባይት ላይ ነው የሚቆመው፤ ስቴሪዮ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ስትቀርጹ 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ረጅም መድረክ የምትቀርጹ ይህን እንዳትረሱ።

አንድ ነገር ግን በፍጥነት አላልፈውም። ከሚታመን በላይ ርካሽ የሆነ፣ 16 ቴራባይት ተብሎ የተጻፈበት የአውራ ጣት የሚያክል «ኤስኤስዲ» ካያችሁ አትግዙ። ውስጡ ያለው ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ነው። ቺፑ ተነካክቶ ኮምፒውተሩን 16 ቴራባይት ነኝ ይለዋል። ስትጽፉበት ይቀበላል፣ የፋይሉንም ስም ያሳያችኋል፤ ከትክክለኛው አቅሙ ያለፈው ግን አይኖርም፣ ወይም የበፊቱን እየደመሰሰ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ነው የምታውቁት። አዲስ ዲስክ በገዛችሁ ቀን ኤች-ቱ-ቴስት-ደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ መልሳችሁ አስነብቡት። ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ። ተኙ።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደረስን። ከመካከላችሁ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ካለ ይህን ይዞ ይሂድ።

ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶ አንሺ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ፎቶ አንሺዎች ከእኛ ቀድመው ነው የነቁት። ከሦስቱ አንዱ የምትሠሩበት ራሱ ነው። ሁለተኛው እዚያው ቤት ያለ ሌላ ዲስክ። ሦስተኛው እህታችሁ ቤት፣ ጓደኛችሁ ጋ፣ ወይም ክላውድ ላይ። ለምን ውጭ? ሌባ ላፕቶፑን ወስዶ አጠገቡ ያለውን ዲስክ አይተውላችሁም። እሳትም ውኃም እንዲሁ። እኔ ከ11 ዘፈን ሁለቱን ያገኘሁት እህቴ ስልክ ላይ ስለነበሩ ነው። ሳላስበው፣ ሳላቅድ። አስቤበት ቢሆን ኖሮ 11ዱም በነበሩ።

«እኔ ሬድ አለኝ፣ ሁለት ዲስክ ላይ በአንዴ ይጽፋል፣ ይበቃኛል» የሚል አለ? እዚያ ጋ አንድ ሰው ፈገግ ብሏል። ወንድሜ፣ ሬድ አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራህ እንዳይቆም ይረዳሃል፣ ጥሩ ነው። ግን በስህተት ፎልደሩን ብትሰርዘው ከሁለቱም ላይ ባንዴ ይሰርዝልሃል። ቫይረስ ቢገባ ሁለቱም ላይ ይገባል። ኮፒ የሚባለው ከምትሠራበት ተነጥሎ የተቀመጠው ነው። ተነቅሎ።

መቼ ነው የሚቀዳው? ዘፋኙ ከበሩ ሳይወጣ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፤ ቀረጻው ሲያልቅ ማይክ ከመንቀሌ በፊት ሁለተኛውን ዲስክ እሰካና ኮፒውን አስጀምራለሁ። ከዚያ ኬብል እጠቀልላለሁ፣ ውኃ እንጠጣለን፣ እናወራለን። ወሬው ሳያልቅ ኮፒው ያልቃል። ቅዳሜ አይባልም። ነገ አይባልም። እሱ ከሄደ በኋላ አይባልም።

ደግሞ ኮፒ ያደረጋችሁት ነገር በእርግጥ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እንዴት ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ ይቀዳል። የፕሮጀክቱ ፋይል እኮ ትንሽ ናት፤ ድምፁ የት የት እንዳለ የምትጠቁም ወረቀት በሏት። ድምፁ ግን ሌላ ፎልደር ውስጥ፣ አንዳንዱ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ፣ አንዳንዱ ዴስክቶፕ ላይ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ የቀረጻ ሶፍትዌሮች ሁሉንም ፋይል ወደ አንድ ፎልደር የሚሰበስብ ትእዛዝ አላቸው። ከመቅዳታችሁ በፊት እሱን ተጫኑ። ከዚያ ፈትኑት። ዋናውን ዲስክ ንቀሉ፣ ከኮፒው ላይ ፕሮጀክቱን ክፈቱ፣ አጫውቱ። ሁሉም ትራክ ከተሰማ ኮፒ አላችሁ። «ፋይሉ አልተገኘም» ካለ ኮፒ የላችሁም፣ ያላችሁ መስሏችሁ ነው የቆያችሁት። እባካችሁ ይህን በዚህ ሳምንት አድርጉት። ዲስኩ እየሠራ ሳለ።

ለዓመታት ለሚቀመጥ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በዌቭ አውጡና ከፕሮጀክቱ ጎን አስቀምጡ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሶፍትዌሩ ላይኖር ይችላል፣ የተጠቀማችሁበት ፕለጊን ላይከፈት ይችላል። ዌቭ ግን ይከፈታል።

እና ዲስክ ብዙ ጊዜ ከመሞቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ቢጫ ቀለም ካያችሁ፣ የተበላሹና የተተኩ ቦታዎች ቁጥር እየጨመረ ከሆነ፣ ያን ቀን ቀረጻ የለም። ያን ቀን መቅዳት ብቻ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለውን ከሰማችሁ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፣ ደጋግማችሁ አትሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አምስት ስድስት ጊዜ። እያንዳንዱ ሙከራ ጭረቱን እንደሚያሰፋው የተነገረኝ በኋላ ነው።

ጥያቄ ካለ ልቀበል። አዎ፣ እህቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለሽው።

«ሁለት መግዛት አልችልም፤ ለአንድ ብቻ ነው ገንዘብ ያለኝ። የትኛውን ልግዛ?»

ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ላፕቶፕሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ኤስኤስዲ? ስንት ቦታ ቀርቶታል? 60 ጊጋባይት። በስንት ትራክ ነው የምትቀርጪው? ሁለት፣ ድምፅሽና ጊታርሽ። በቀን? ሁለት ሰዓት ያህል። እሺ፣ እናስላው። ሁለት ትራክ ለሁለት ሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። 60ውን ጥግ ድረስ አትሙዪው፣ ኤስኤስዲ ሲጨናነቅ ይደክማል፤ 40ውን ተጠቀሚ። የ20 ቀን ሥራ ይይዝልሻል። እንግዲያው መቅረጫ ዲስክ አለሽ፣ አሁን እቤትሽ ያለው ነው። የሌለሽ ሁለተኛው ነው። ተራ፣ የሚሽከረከር፣ 1 ቴራባይት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ግዢ፣ 5,400 የሚዞረው ይበቃል። ማታ ማታ ቅጂ፣ ንቀዪው፣ ከጠረጴዛው ላይ አንሺው። ላፕቶፑ ሊሞላ ሲል የጨረስሻቸውን ሥራዎች ከማጥፋትሽ በፊት ግን ሌላ ቦታም መኖራቸውን አረጋግጪ፤ ቢያንስ የመጨረሻውን ሚክስና ዌቮቹን ለሚቀርብሽ ሰው ስጪ፣ ወይም ክላውድ ላይ ጫኚ። በቀን 2 ጊጋባይት ከሆነ ያ 1 ቴራባይት ከአንድ ዓመት በላይ ያስኬድሻል።

ሌላ ጥያቄ? እሺ፣ ያላችሁ ከዚህ በኋላ ውጭ እንገናኝ፣ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።